የከርዳዳ ፀጉር ጫፍ፦ መቼ እንቁረጠው? እንዴትስ እንጠብቀው?

ፀጉራቸውን በተፈጥሮው ከያዙ ሰዎች አፍ ደጋግሞ የሚሰማ ቅሬታ አለ፤ "ፀጉሬ አያድግም" የሚል። የማያድግ ፀጉር ግን በጣም ጥቂት ነው። ጤነኛ ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ያድጋል። ከርዳዳ ፀጉር ከዚህ ትንሽ ዝቅ ቢል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ ሥራውን እየሠራ ነው። የሚያስቸግረው ጫፉ ነው። ከሥሩ የወጣው ያህል ከጫፉ ተሰባብሮ ያልቃል፤ ርዝመቱም ለዓመታት ባለበት ይቆማል።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ጫፍ እናውራ። ቤት ውስጥ በገዛ እጃችሁ እንዴት እንደምትቆርጡት፣ ፀጉር ቤት ከሄዳችሁም ምን ብላችሁ እንደምታዙ፣ ከዚያ ደግሞ ቶሎ ወደ መቀስ እንዳትመለሱ ጫፉን እንዴት እንደምትይዙት።

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ይታወቅ። መቁረጥ ፀጉር አያሳድግም። ፀጉር የሚያድገው ከራስ ቆዳ ሥር ነው፤ መቀስ ጫፉ ላይ የሚሠራው ነገር እዚያ አይደርስም። መቁረጥ የሚጠቅመው የተሰነጠቀው ጫፍ ጤነኛውን ክፍል ይዞ እንዳይሄድ ነው። ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ግን ትልቅ ጥቅም ነው።

ጫፉ ለምን ይጎዳል?

30 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ፀጉር ጫፉ ወደ 3 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ታጥቧል፣ ተበጥሯል፣ ተጎንጉኗል፣ ተፈትቷል፣ ፎን ተነፍቶበታል፣ ትራስ ላይ ሲታሽ አድሯል። ሥሩ አጠገብ ያለው ግን የወጣው ገና በቅርብ ነው። ሁለቱን እኩል መያዝ አይቻልም። ጫፉ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ፀጉር ከራስ ቆዳ ከወጣ በኋላ ሕይወት የለውም። ቆዳ ሲቆረጥ ይድናል፤ ፀጉር ሲሰነጠቅ አይድንም። እያንዳንዱ ዘለላ ላዩ ላይ በተደራረቡ ስስ ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ቅርፊቶቹ በመታሸት፣ በሙቀት ወይም በኬሚካል ሲላጡ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ክሮች ይጋለጣሉ። ያኔ ጫፉ ለሁለት፣ አንዳንዴም ለሦስትና ለአራት ይከፈላል። ዝም ከተባለ ስንጥቁ ወደ ላይ ይወጣና ዘለላው መሃሉ ላይ ይበጠሳል። 1 ሴንቲ ሜትር ላለመቁረጥ ስትሉ 5 ሴንቲ ሜትር ታጣላችሁ።

ከርዳዳ ፀጉር ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠበት ምክንያት አለው። ዘለላው ድፍን ክብ አይደለም፤ ጠፍጠፍ ያለና ደጋግሞ የሚታጠፍ ነው። በየመታጠፊያው ቀላል ጉዳት ይበቃዋል። ሌላው ደግሞ ቅባት ነው። የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ቅባት በሉጫ ፀጉር ላይ ቁልቁል ይወርዳል። በከርዳዳ ፀጉር ላይ ግን በየጥምዙ ይቀራል፤ ጫፉ ጋ የሚደርሰው ትንሽ ነው። በዚህ ላይ ዘለላው በራሱ ላይ ተጠምጥሞ ቋጠሮ ይሠራል። ጣታችሁን ጫፉ ላይ ስታንሸራትቱ አሸዋ የነካችሁ የሚመስላችሁ በእነዚህ ቋጠሮዎች ምክንያት ነው።

"የተሰነጠቀ ጫፍ ይጠግናል" ተብሎ የሚሸጥ ነገር ብዙ ነው። የሚያደርገው ስንጥቁን ለጊዜው ማጣበቅ ነው፤ ስትታጠቡ ይለቃል። ልስላሴውን ከወደዳችሁት ተጠቀሙበት። በመቀስ ምትክ ግን ገንዘባችሁን አታውጡ።

መቁረጥ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

በየ6 ሳምንቱ መቆረጥ የሚለው ምክር ቅርጹ እንዳይበላሽ ለሚፈለግ አጭር ቁርጥ ይሠራል። ፀጉሩን ማስረዘም ለሚፈልግ ሰው ግን ሒሳቡ አያዋጣም። በ6 ሳምንት 1.5 ሴንቲ ሜትር እንኳ ላያድግ ይችላል። ከዚያ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ከተቆረጠ ምን ተረፈ? በ4 ወር አንዴ 1 ሴንቲ ሜትር ብትቆርጡ ግን ካደገው አብዛኛው ለእናንተ ይቀራል።

ፎንና ፒያስትራ የምታዘወትሩ በየ3 ወሩ ጫፋችሁን ፈትሹ። አብዛኛውን ጊዜ ሹሩባ፣ ትዊስት ወይም ጎፈሬ የምትሆኑ ከ4 እስከ 6 ወር መቆየት ትችላላችሁ። ፈትሹ አልኩ እንጂ ቁረጡ አላልኩም። የሚወስነው የቀን መቁጠሪያው አይደለም፤ ጫፉ ራሱ ነው።

እንዴት ይፈተሻል? ስታበጥሩ ማበጠሪያው ሥሩንና መሃሉን አልፎ ሁልጊዜ ጫፉ ላይ የሚያዝ ከሆነ አንድ ምልክት ነው። ጫፉን ወደ መስኮት አቅንታችሁ እዩት። ለሁለት የተከፈለ፣ ነጭ ነጥብ ያለበት ወይም ቋጠሮ የበዛበት ከሆነ ጊዜው ደርሷል። ነጯ ነጥብ ዘለላው ተሰባብሮ ሊበጠስ የደረሰበት ቦታ ናት።

የወደቀውን ፀጉርም ተመልከቱ። በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ መውደቁ የተለመደ ነገር ነው፤ አያስደነግጥ። ሹሩባ ከተፈታ በኋላ ደግሞ የሳምንታቱ ተጠራቅሞ አንድ ላይ ስለሚወጣ ብዙ ይመስላል። ረጅም ሆኖ አንዱ ጫፉ ላይ ትንሽ ነጭ እብጠት ካለው ጊዜውን ጨርሶ ከሥሩ የወደቀ ነው። አጭር ሆኖ እብጠቷ ከሌለችው ግን ተሰብሯል። መታጠቢያው ላይ እንዲህ ያሉ አጫጭር ቁርጥራጮች ከበዙ ጫፉ እየተጎዳ ነው ማለት ነው።

ለመወሰን ግን አትቸኩሉ። የደረቀ ጫፍና የተጎዳ ጫፍ ሲነኩ ይመሳሰላሉ። መጀመሪያ በደንብ ታጠቡ፣ ጫፉ ላይ ኮንዲሽነር አብዝታችሁ 20 ደቂቃ አቆዩት፣ ከዚያ አለቅልቁት። ከለሰለሰና ማበጠሪያው ካለፈበት ውሃ ጠምቶት ነበር። አሁንም የሚያዝና የሚሻክር ከሆነ መቀስ ይፈልጋል። ይህን ሳያደርጉ የሚቆረጥ ብዙ ጤነኛ ፀጉር አለ፤ ያሳዝነኛል።

ምን ምን ያስፈልጋል?

ዋናው መቀሱ ነው። ለፀጉር ብቻ የተሠራ፣ ስለታም መቀስ ይኑራችሁ። የወጥ ቤት፣ የወረቀት ወይም የልብስ መቀስ አትጠቀሙ። ደነዝ መቀስ ዘለላውን ጨፍልቆ ነው የሚቆርጠው፤ የተጨፈለቀው ቦታ ደግሞ ወዲያው ይሰነጠቃል። መቀሱን ከገዛችሁ በኋላ ቤተሰቡ ፌስታል እንዳይቀድበት ደብቁት። ምላጭና ጥርስ ያለው ማሳሻ መቀስ ለከርዳዳ ፀጉር ጫፍ አይሆኑም፤ ዘለላውን ሰያፍ አድርገው ስስ ምላስ ያወጡበታል።

ከዚህ ሌላ ጥርሱ ሰፋፊ የሆነ ማበጠሪያ፣ መያዣ ክሊፖች፣ ውሃ የሚረጭ ጠርሙስ፣ ትከሻ ላይ የሚጣል ነጣ ያለ ፎጣና ሁለት መስታወት። ብርሃን አትንሱት። ማታ አምፖል ሥር ከመቁረጥ ጠዋት መስኮት አጠገብ ይሻላል። ጊዜም ይኑራችሁ። ሰርግ ልትሄዱ ሰዓት እየሮጠ መቀስ አይነሳም።

አንደኛ፦ እጠቡ፣ ፍቱ፣ ዘርጉ

በቆሸሸና በተጠላለፈ ፀጉር ላይ ስንጥቁም ጤነኛውም አይለይም። በሻምፖ እጠቡ። ኮንዲሽነሩ እላዩ ላይ እያለ ከጫፍ ጀምራችሁ ወደ ሥር እያላችሁ ፍቱት። መጀመሪያ በጣት፣ ከዚያ በማበጠሪያ።

ቀጥሎ ፀጉሩን መዘርጋት ያስፈልጋል። ከርዳዳ ፀጉር ሲደርቅ ከእውነተኛ ርዝመቱ ግማሹን፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይሸሸጋል። የተሰበሰበበት መጠን ደግሞ በየቦታው ይለያያል፤ ማጅራት ላይ ያለው ጥብቅ ብሎ ከፊት ያለው ላላ ሊል ይችላል። በተሰበሰበበት ከቆረጣችሁት ሲዘረጋ ወጣ ገባ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እርጥብ ላይ ቆርጣችሁ ሲደርቅ የደነገጣችሁም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለመዘርጋት በጣም ደህናው መንገድ ከታጠባችሁ በኋላ ወፈር ወፈር አድርጋችሁ ጎንጉናችሁ ማሳደር ነው። ጠዋት ስትፈቱት ተዘርግቷል። ከቸኮላችሁ ፎኑን ለብ ባለ ሙቀት እያደረጋችሁ በእጃችሁ ወደ ታች ሳብ እያደረጋችሁ አድርቁት። ጫፍ ለማየት ተብሎ መተኮስ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፦ ከፋፍሉ

ፀጉሩን መሃል ለመሃል፣ ከዚያም ከጆሮ ጆሮ ከፍላችሁ አራት አድርጉት። እያንዳንዱን ሩብ እንደ ብዛቱ ለሁለት ወይም ለሦስት ክፈሉ። ከ8 እስከ 12 ክፍል ይወጣችኋል። እያንዳንዱን ለሁለት ከፍላችሁ አንዱን በሌላው ላይ እስከ ጫፍ ጠምዝዙ፤ ትዊስት ማለት ነው። አትጨነቁበት፣ ማማሩ ለዛሬ አይደለም። ጫፉ ግን በደንብ ተበጥሮ ቀጥ ያለ ይሁን።

ሦስተኛ፦ ቁረጡ

መጀመር ያለባችሁ ከኋላ ነው። ከማጅራት በላይ ያለው ክፍል ብዙም አይታይም፤ እጃችሁም እዚያ ይለምዳል። እጃችሁ የማይደርስ ከሆነ ትዊስቱን በትከሻችሁ ላይ ወደ ፊት አምጡት።

ትዊስቱን በጠቋሚና በመሃል ጣታችሁ ይዛችሁ ቁልቁል ተንሸራተቱ። ውፍረቱ ድንገት የሚቀንስበት፣ ጣታችሁ የሚሻክረው ቦታ ላይ ቁሙ። መቁረጫው እዚያ ነው። የትዊስት ጫፍ ትንሽ መሳሳቱ ተፈጥሯዊ መሆኑን አስታውሱ፤ ዘለላዎች እኩል አይወጡም፣ እኩልም አያድጉም። የምትፈልጉት ድንገተኛውን መሳሳት ነው።

መቀሱን በዘለላው ላይ አግድም አድርጉና በአንድ ጊዜ ቁረጡ። እየደጋገሙ ማኘክ የለም። መጀመሪያ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ አንሱ። የቀረውን እዩት፣ ዳሱት። አሁንም ከሻከረ ሌላ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። አዘውትሮ ለሚጠበቅ ፀጉር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። ዓመትና ከዚያ በላይ መቀስ ያላየ ፀጉር 3 ወይም 4 ሊፈልግ ይችላል።

ጉዳቱ ወደ ላይ ብዙ ሄዶ ከሆነስ? ምርጫው የእናንተ ነው። አንዳንዱ በአንድ ቀን አንስቶ ይገላገላል። አንዳንዱ ርዝመቱ ይቆጨዋል፤ በየ2 ወሩ ትንሽ ትንሽ እያነሳ ይጨርሰዋል። ሁለተኛው መንገድ ጉዳቱ በመሃል እየተሰበረ ስለሚያስቸግር ትዕግሥት ይጠይቃል። ያም ሆኖ ባዶ ባዶ ሳይላችሁ፣ ሳትከፉ መጨረስም ዋጋ አለው።

የመጀመሪያውን ቁራጭ አትጣሉት። ምን ያህል እንዳነሳችሁ መለኪያ ይሆናችኋል። በየክፍሉ እያመሳከራችሁ ሂዱ፤ ነገር ግን ጤነኛ የሆነውን ክፍል ለእኩልነት ብላችሁ አትቁረጡት። እኔ በዚህ ላይ አልደራደርም። ፀጉራችሁን አብዛኛውን ጊዜ በጥምዙ የምትይዙት ከሆነ የግማሽ ሴንቲ ሜትር ልዩነት ማንም አያየውም።

ፀጉሩን አዘውትሮ የሚያስተኩስ ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በትዊስት የተቆረጠ ፀጉር ሲለሰልስ ጫፉ ቀጥ ያለ መስመር አይኖረውም። እሱን የምትፈልጉ ከሆነ በተዘረጋ ፀጉር ላይ ባለሙያ ቢቆርጥላችሁ ይሻላል።

ጎፈሬ የምትሆኑ፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ ቅርጹን ለማውጣት በደረቀና በተነፋ ፀጉር ላይ ሥሩ። ወጣ ወጣ ያሉትን በጥቂት በጥቂቱ እያነሳችሁ በየጊዜው ከመስታወቱ ራቅ ብላችሁ ዙሪያውን እዩት። ይህ ግን ቅርጽ ነው የሚያስተካክለው። ውስጥ ያለው ስንጥቅ በዚህ አይወጣም፤ ለእሱ ትዊስቱ ያስፈልጋል።

አራተኛ፦ የቀረውን ልቀሙ

ጫፉ ከተቆረጠ በኋላም መሃል ላይ የቀሩ ስንጥቆችና ቋጠሮዎች ይኖራሉ። ትዊስቱን ጠበቅ አድርጋችሁ ስታዞሩት አጫጭሮቹ ጎን ለጎን ብቅ ይላሉ። የተሰነጠቀውን ከስንጥቁ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ ቁረጡት። ስንጥቁ ላይ ከቆረጣችሁ ግማሹን ትታችሁት መጣችሁ ማለት ነው። ቋጠሮውን ልክ ከበላዩ ቁረጡ። ቋጠሮው ወደ ሥሩ የቀረበና ላላ ያለ ከሆነ በመርፌ ጫፍ መፍታት ይቻላል። በጣት መጎተት ግን ዘለላውን መበጠስ ነው።

ይህ ለቀማ ለብቻውም ይሠራል። ጫፉ በአጠቃላይ ደህና ሆኖ እዚህም እዚያም ስንጥቅ ካያችሁ፣ በየወሩ አንድ ቀን ተቀምጣችሁ ብትለቅሙ ዋናውን መቁረጥ ታዘገዩታላችሁ።

ሲያበቃ ፀጉሩን በውሃ አርጥቡ፣ ሊቭ ኢን (ሳይለቀለቅ ፀጉር ላይ የሚቀር ኮንዲሽነር) ቀቡ፣ ጫፉን በዘይት ያዙት። ጣታችሁን አንሸራትታችሁ ዳሱት። ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።

ፀጉር ቤት ስትሄዱ

ሳሎን ሄዶ "ጫፉን ብቻ" ብሎ ሩብ ፀጉሩን ትቶ የመጣ ሰው ጥቂት አይደለም። ሁልጊዜም የባለሙያዋ ክፋት አይደለም። "ትንሽ" ለእናንተና ለእሷ አንድ አይደለም፤ እሷ የምታየው ቀጥ ያለ መስመር ማውጣትን ነው። ስለዚህ ልኩን በጣታችሁ አሳዩ። እንዲህ በሉ፦ "እህቴ፣ ከዚህ በላይ እንዳይሄድ። የመጀመሪያውን ቆርጠሽ አሳዪኝና ትቀጥያለሽ።" ይህን ማለት ነውር የለውም። ጥሩ ባለሙያ ደስ ይላታል እንጂ አይከፋትም።

ከመቆረጡ በፊት ፀጉራችሁ መተኮስ የግድ እንደሆነ ከተነገራችሁ በፎን ብቻ እንዲዘረጋ ጠይቁ። ካስክ ውስጥ ስትገቡም ጫፉ ራቁቱን አይሁን፤ ሊቭ ኢን ይቀባ። እርጥብ ፀጉር ላይ ፒያስትራ እንዲያርፍ ፈጽሞ አትፍቀዱ። በዘለላው ውስጥ ያለው ውሃ ፈልቶ እንፋሎት ይሆንና ውስጡን ባዶ ባዶ ያደርገዋል። ያ ፀጉር ከዚያ በኋላ ምንም ቢቀባ አይመለስም።

ሹሩባና ጫፍ

ሹሩባ ለጫፍ ጥሩ መጠለያ ነው። በየቀኑ ማበጠር ይቀራል፣ መታሸቱም ይቀንሳል። ግን ጫፍን የሚጨርሰውም እዚያው ሹሩባ ቤት ሊሆን ይችላል። እዚህ ጋ ጠንቀቅ በሉ።

በዊግ የተሠራ ሹሩባ ሲያልቅ ጎን ለጎን ብቅ ብቅ ያሉትን ለማጥፋት ላይተር የሚያነሱ አሉ። ብቅ ያለው ዊጉ ብቻ አይደለም። የእናንተም ጫፍ አብሮ አለ፤ አብሮ ይቃጠላል። በላይተር ፋንታ ጄል ወይም የተልባ ውሃ ያስተኛዋል። ጫፉ የሚነከርበት የፈላ ውሃም ዊጉ ብቻ ያለበት ቦታ ድረስ ይሁን። የራሳችሁ ፀጉር የት እንደሚያልቅ ለሠሪዋ በእጃችሁ አሳዩአት።

ሲፈታ ደግሞ ቶሎ ለመገላገል ሹሩባውን መሃሉ ላይ በመቀስ የሚቆርጥ ብዙ ነው። ፀጉራችሁ በተሠራበት ወራት አድጓል። ቦታውን በግምት አትያዙት፤ አንዱን እስከ ሥሩ ፈትታችሁ የራሳችሁን ጫፍ ካያችሁ በኋላ ከእሱ በጣም ዝቅ ብላችሁ ቁረጡ። ከተፈታ በኋላ ፀጉሩን ሳታበጥሩ ውሃ ውስጥ አትግቡ። ሥሩ ላይ የተጠራቀመው ቆሻሻና የወደቀው ፀጉር ከውሃ ጋር ተጠላልፎ ይቆጠራል፤ ያንን ለመፍታት የሚሰበረው ጫፍ ነው። ኮንዲሽነር ወይም ዘይት ቀብታችሁ በጣት ፍቱት፣ ከዚያ ታጠቡ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት በላይ ባታቆዩት መልካም ነው።

ያለ ዊግ የምትሠሩ ጫፉን አትተዉት። እርጥበት እያለው በሊቭ ኢንና በትንሽ ዘይት ይያዝ፣ ከዚያ ይጎንጎን፤ ከቻላችሁም ጫፉን ወደ ውስጥ አስገቡት። በላስቲክ ማሰር ይቅር። ላስቲክ ያሰረበት ቦታ ላይ ይቆርጣል።

በየሳምንቱ የሚደረግ

ሳምንት ወይም 10 ቀን ሲሆን እጠቡ። ሻምፖው ለራስ ቆዳ ነው። ጫፉን በሻምፖ አትሹት፤ ሲለቀለቅ የሚወርደው አረፋ ይበቃዋል። ኮንዲሽነሩ ደግሞ በተቃራኒው ከጫፉ ይጀምር። በፎጣ ማሸት የለም፤ በአሮጌ የጥጥ ካናቴራ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ ውሃውን አስለቅቁት።

ከዚያ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፦ ውሃ፣ ሊቭ ኢን፣ ዘይት። ዘይት ፀጉር አያርስም። ያለውን እርጥበት ነው የሚይዘው። ደረቅ ፀጉር ላይ የተቀባ ዘይት ድርቀቱን ያብለጨልጨዋል እንጂ አያጠፋውም። የኮኮናት ዘይት ዘለላው ውስጥ መግባት የሚችል በመሆኑ ከመታጠብ በፊት ሲቀባ በአጣጠቡ የሚጠፋውን ፕሮቲን ይቀንሳል። የጉሎ ዘይት ወፍራም ነው፤ ለጫፉ ሁለት ሦስት ጠብታ ይበቃል፣ ሲበዛ ዘለላውን ከዘለላ ያጣብቃል። ከሺአ ዛፍ ፍሬ የሚወጣው የሺአ ቅቤም ጥሩ ነው። ዛፉ በአገራችን ጋምቤላ ውስጥ ይበቅላል።

ለጋ ቅቤስ? የእናቶቻችን ነገር ያለ ምክንያት አልቆየም። የሐመር ሴቶች ከቀይ አፈር ጋር ለውሰው ይቀቡታል፤ የአፋር ጎረምሶች ጎፈሬአቸውን በእሱ ያሳምራሉ። ቅቤ ዘለላውን ሸፍኖ መታሸትን ይቀንሳል፣ እርጥበትም ያስቀራል። ስለዚህ በረጠበ ፀጉር ላይ ተቀቡት። ግን ብዙ አታቆዩት። እየሰነበተ ሲሄድ ይሸታል፣ አቧራ ይይዛል፣ ፎሮፎር ያለበትን ሰው ደግሞ ሊያባብስበት ይችላል። በማግሥቱ ለብ ባለ ውሃና በሻምፖ ይውጣ።

እንቁላል የምትቀቡ ካላችሁ ብሉት። የእንቁላል ፕሮቲን ወደ ዘለላው ውስጥ ለመግባት በጣም ትልቅ ነው፤ ላዩ ላይ ደርቆ ይቀራል። ፕሮቲን ከፈለጋችሁ ሃይድሮላይዝድ ፕሮቲን የሚል የተጻፈበትን ምርት ፈልጉ፤ ተሰባብሮ ደቆ የተዘጋጀ ነውና።

ተልባ ግን ከልብ የምመክረው ነው። ሩብ ስኒ ያልተፈጨ ተልባ በ2 ስኒ ውሃ እያማሰላችሁ አፍሉ። እንደ እንቁላል ነጭ ሲልመዘመዝ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ፣ አውርዱና ሳይቀዘቅዝ አጥልሉት። ከቀዘቀዘ አይወርድላችሁም። በሊቭ ኢኑ ላይ ደርባችሁ ጫፉ ላይ ቀቡት፤ ስስ ሽፋን ሠርቶ ከመታሸት ይከልለዋል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳምንት ይቆያል፤ ሽታው ከተለወጠ ይደፋ።

ስትተኙ ጥጥ ትራስ ላይ ፀጉር በትናችሁ አትደሩ። ሳቲን ሻሽ እሰሩ፣ ወይም የትራሱን ልብስ በሳቲን ቀይሩ። ቀን በሻሽ ወይም በሂጃብ ተሸፍናችሁ የምትውሉ፣ በተለይ ዓረብ አገር ኤሲ ውስጥ ረጅም ሰዓት የምትሠሩ እህቶች፣ ከሥር ስስ ሳቲን አድርጉ። አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁ በክረምት የሱፍ ካፖርትና ስካርፍ ማጅራት ላይ ያለውን ጫፍ ይበላዋል፤ ሽቅብ ሰብስቡት።

ከሪላክሰር ወደ ተፈጥሮ ለምትመለሱ

አዲስ የወጣው ከርዳዳና በኬሚካል የለሰለሰው የሚገናኙበት መስመር በጣም ደካማ ቦታ ነው። ስታበጥሩ እዚያ ጋ ይዛችሁ ከታች ፍቱ። በየ2 ወይም 3 ወሩ ከለሰለሰው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል እያነሳችሁ ብትሄዱ ቀስ በቀስ ያልቃል። ሁሉንም በአንዴ መቁረጥም ይቻላል። አጭር ፀጉር ፊት ላይ ሲያምር ብዙ አይቻለሁ፤ አትፍሩት።

መቀስ የማይፈታው

መሰበሩ ከጫፉ ሳይሆን ከሥሩ አጠገብ ከሆነ፣ በግንባር ዳርና በጆሮ አካባቢ ፀጉሩ ከሳሳ፣ አናት ላይ ክብ ቦታ እየተራቆተ ከመጣ ወይም የራስ ቆዳው የሚያቃጥልና የሚያሳክክ ከሆነ ጉዳዩ የጫፍ አይደለም። ጠብቆ የሚታሰር ሹሩባ ዳሩን ሊያሳሳው ይችላል፤ ቶሎ ካላላችሁት ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ሠሪዋ ስትጎትት ካመማችሁ አሁኑኑ "አላዪልኝ" በሉ። ዘይት እየቀያየራችሁ ወራት አታሳልፉ። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ አዲስ አበባ ያላችሁ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለው። ስትሄዱ ሹሩባውን ፈትታችሁ፣ ዘይቱን አጥባችሁ፣ እስከዚያ የተቀባችሁትን ነገር ሁሉ ስሙን ይዛችሁ ሂዱ።